ፋኑን ዳይሬክት ከማስደረግዎ በፊት

ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። መኪና ሲሮጥ ራዲያተሩን ነፋስ ያበርድለታል። አጣዬ ከተማ መሐል በባጃጅ ተከቦ ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። እየሮጠ ደህና የነበረ፣ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ የሚሞቅ መኪና ካለዎት መጀመሪያ የፋኑን መስመር ይጠርጥሩ። እየሮጠ የሚሞቅ ከሆነ ግን ውሃውን፣ ተርሞስታቱንና ራዲያተሩን ያሳዩ።

መስመሩ አጭር ነው፦ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የፋን ሞተር፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመልሰው የመኪናው ብረት)። ሪሌውን የሚያዘው የሙቀት ቡልቦ ነው፤ በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ።

ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው ቡልቦው ላይ ነው። በብዙ መኪኖች ቡልቦው ሲሞቅ ከማሳ ጋር ይገናኛል፣ ፋኑም ይነሣል። ስለዚህ ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን ማሳ ማስነካት ጥሩ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቡልቦው ቀዝቃዛ ሳለ ከማሳ ጋር ተገናኝቶ ሪሌውን ይስባል፤ ሪሌው ሲሳብ የፋኑ መስመር ይቋረጣል። ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቡልቦው ይለቃል፣ ሪሌው ይመለሳል፣ ፋኑ ይዞራል።

አጣዬ ውስጥ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን የኮሮላ ገመድ ማሳ አስነክቶ ፋኑ ዝም ሲለው «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ብሎኑን መፍታት ጀምሮ ነበር። ቁልፉ እንደተከፈተ ገመዱን ከማሳው እንዲያርቀው ነገርኩት፤ ፋኑ ወዲያው ተነሣ። «ጋሼ፣ ሳይነካ ነው እንዴ የሚዞረው?» አለኝ። አዎ። ሞተሩ፣ ፊውዙና ሪሌው ጤነኛ ናቸው ማለት ነው፤ የቀረው እንደተገናኘ የደረቀ ቡልቦ ነው።

እንዲህ የተሠራው በዋዛ አይደለም። የቡልቦው ገመድ ቢቆረጥ ወይም ሶኬቱ ቢዝግ ፋኑ ይዞራል እንጂ አይቆምም፤ ብልሽቱ ሞተሩን ወደሚያድነው ጎን እንዲያደላ ታስቦበታል። በእንዲህ ያለ መኪና፣ በቀዝቃዛ ሞተር ቁልፍ ሲከፈት ወዲያው የሚዞር ፋን ካዩ «ጎበዝ ፋን ነው» ብለው አይለፉት፤ የተቆረጠ ገመድ ወይም የዛገ ሶኬት ሊኖር ይችላልና ያስፈትሹት።

ይህን ሁሉ ትቶ ፋኑን ዳይሬክት ማድረግ፣ ማለትም ሪሌውንና ቡልቦውን ዘልሎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት፣ መጥፎ ልማድ ነው። ፊውዝ ሳይገባበት በቀጭን ገመድ የተቀጠለ ፋን ሲከብደው ገመዱ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። መንገድ ላይ ግድ ከሆነ ፊውዝ ያስገቡበት፤ ከተማ ሲደርሱም በወጉ ያሠሩት።

ሌላው ስሕተት ሶኬቱን ነቅሎ በቴስተር 12 ቮልት ስላዩ መስመሩን ደህና ነው ማለት ነው። ጭነት የሌለበት የዛገ ገመድም 12 ቮልት ያሳያል። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ፋኑ መዞር ባለበት ሰዓት በፋን ሞተሩ የማሳ ገመድና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ይለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ማሳውን ፈትተው ይፈግፍጉት። ሲሠሩ እጅዎን ከክንፉ ያርቁ፤ በአንዳንድ መኪና ቁልፍ ተዘግቶም ፋኑ በድንገት ይነሣል።

በማይዞር ፋን ጣርማ በርን ሽቅብ አይሞክሩት። ዳገቱ በዝግታ የሚወጣ ስለሆነ ነፋሱ አይደርስልዎትም፤ ለተጣመመ ቴስታ የሚከፈለው ደግሞ ከቡልቦ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።