የውጅግራና የአሻንጉሊት ባቡር ዋጋ

በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ እንደ ሌላው የወሎ አገር ሁሉ፣ ጠመንጃ የክብር መለያ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ከቀድሞዎቹ አንዱ ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለውና አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ፣ በዐድዋ ጦርነትም ውሏል። በውጭ አገር ጨረታ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚመዘነው በተኩስ ብቃቱ ሳይሆን በፋብሪካ ማኅተሙ፣ በክፍሎቹ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች በመመሳሰላቸውና ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክ በሰነድ በመረጋገጡ ነው፤ ስለዚህ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማሳመር፣ ባለቤቱን ደስ ቢያሰኝም፣ ዋጋውን ይጥለዋል።

ማርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1891 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ወጥ ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ የአሻንጉሊት ባቡር ካቀረበ ወዲህ የተስፋፋው የአሻንጉሊት ባቡር ሰብሳቢነትም ከጠመንጃው አይለይም፤ ቀለሙ ያልታደሰና የመጀመሪያ ካርቶኑ ያልጠፋ ይመረጣል።

በኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝም መነገድም የተከለከለ በመሆኑ፣ ጠመንጃን እንደ አሻንጉሊት ባቡር በነፃነት መሰብሰብ አይቻልም። የአያቱ ውጅግራ በቤቱ የሚገኝ ሁሉ፣ ማኅተሙን ሳይፍቅ፣ አስቀድሞ ስለ ፈቃዱ ፖሊስን ይጠይቅ።