የኑግ ዘይት ለምን ይበላሻል?

ባለፈው በጋ እናቴ የገዛችው የኑግ ዘይት ሽታው ተለውጦ ጕሮሮ የሚከረክር ሆነ። እኔም ወደ ሱቁ ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ያረጀ ዘይት ሸጡልን» ብዬ ባለሱቁን በሰው ፊት ወቀስሁ። በኋላ ኬሚስትሪ ስማር ግን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ተረዳሁ።

የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በዚህ አሲድ ሰንሰለት ላይ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው ሃይድሮጂን በቀላሉ ይነጠቃል። የተነጠቀውም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በተራው ከጎረቤቱ ይነጥቃል። እንዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን እየዘረፈ ጥፋቱ ይዛመታል፤ ብርሃንና ሙቀትም ያፋጥኑታል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ የወጥ ቤት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። የሰውነታችን ሕዋስ ሽፋን በሁለት ረድፍ የተደረደረ ስብ ነው፤ በውስጡም ያው ሊኖሌይክ አሲድ ይገኛል። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ጥቂቱ በሕዋሱ ውስጥ ወደ ነጣቂ ዓይነት ይለወጣል። ይህም ሽፋኑን እንደ ዘይቱ ሲያበላሸው ሽፋኑ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ቀይ የደም ሕዋስም እስከ መፈንዳት ይደርሳል።

ነገር ግን ጠባቂ አለን። በ1922 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) የተገኘው ቪታሚን ኢ የራሱን ሃይድሮጂን ለነጣቂው ሰጥቶ ዘረፋውን ያቆማል። በኑግ ዘይትም ውስጥ አለ፤ ሆኖም ሲያገለግል ያልቃል።

ጠርሙሱን ሳልከድን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ያኖርሁት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ተመልሼ፣ በሰው ፊት እንደ ወቀስሁ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። እናንተም ዘይታችሁን ከድናችሁ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩ፤ ሰውንም ከመውቀሳችሁ በፊት መርምሩ።