የማንን ሴት ነው የሚወስደው?

መሐል ሜዳ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጠናል። የመንዝ ብርድ ቀልድ አያውቅምና ሁላችንም ባና ደርበናል። የአክስቴ ልጅ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «የመጀመሪያውን ሴት ያኛው ይወስዳል፤ መቶ ብር አስይዣለሁ» አለ። አክስቴ አቦሉን እየቀዳች ነበር፤ ቀና አለችና «የማንን ሴት ነው የሚወስደው?» አለች።

ነገሩ ቴኒስ ነው። «ሴት» የሚሉት የግጥሚያውን አንድ ክፍል ነው። 6 ጌም በሁለት ልዩነት ቀድሞ የሞላ ይወስደዋል፤ 5 ለ 5 ከሆኑ እስከ 7 ይሄዳሉ፤ 6 ለ 6 ላይ ከተያያዙ ታይብሬክ በሚባል አጭር የነጥብ ትንቅንቅ ይለያያሉ። ግጥሚያውን ለማሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴት መውሰድ ይበቃል፤ በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ግን ወንዶቹ ሦስት መውሰድ አለባቸው።

ልጁ የተወራረደው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው አያገባውም። ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም ከአራቱ ታላላቆች በአንዱ፣ በፈረንሳይ ኦፕን የወንዶች ፍጻሜ፣ ሲነር ከአልካራዝ ጋር ገጥሞ የመጀመሪያውን 6 ለ 4 ወሰደ፤ ሁለተኛውንም ደገመ። ከ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ዋንጫውን ያነሳው ግን አልካራዝ ነው። በመጀመሪያው ሴት ሲነርን የያዘ ሰው ገንዘቡን ቀድሞ በልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎበዙ ተጫዋች እያንዳንዱን ሴት ከመቶ 60 ጊዜ የሚወስድ ቢሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱን የመውሰድ ዕድሉ ወደ 65፣ ከአምስቱ ሦስቱን የመውሰድ ዕድሉ ደግሞ ወደ 68 ከፍ ይላል። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ጉልበት ይለያል፤ ባጠረ ቁጥር ደካማውም ይቀናዋል። ለዚህ ነው ለዚያው ለጎበዙ በመጀመሪያው ሴት የሚሰጠው ኦድ፣ ማለትም ያስያዙት ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ ለሙሉው ግጥሚያ ከሚሰጠው የሚበልጠው። ልጁ «ኦዱ አሪፍ ነው» ሲል ስጦታ መስሎታል። ስጦታ አይደለም፣ የአደጋው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሁለቱ እኩያ ቢሆኑ ትክክለኛው ኦድ ለሁለቱም 2 ነበር፤ መቶ አስይዘህ ሁለት መቶ። ስልኩ ላይ ግን 1.85 እና 1.85 ነው የሚለው። አንተ በአንዱ፣ ጎረቤትህ በሌላው መቶ መቶ ብር አስያዛችሁ እንበል፤ የገባው 200፣ የሚወጣው 185። ማንም ያሸንፍ ማን 15 ብሯ፣ ከመቶው ሰባት ተኩሏ፣ አወራራጁ ቤት ትቀራለች።

ለመንዝ ሰው ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በድሮው ሙግት፣ በእሰጥ አገባው፣ ተከራካሪዎች «በማር!» «በፈረስ!» እያሉ ይወራረዱ ነበር። የተረታው የሚከፍለው ታዲያ ለረቺው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ከሁለቱ አንዱ መረታቱ አይቀርምና ዳኛው ማር አያጣም።

አወራራጁ ቤት ከዳኛው የሚለየው በችኮላው ነው። የመጀመሪያ ሴት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል፤ ቶሎ የተመለሰ ገንዘብ ደግሞ ቶሎ ይያዛል፣ በተያዘ ቁጥርም ያችው ሰባት ተኩል በመቶ በአማካይ ትሸረፋለች። አምስት ግጥሚያ በአንድ ትኬት የሚያጣብቁትማ የባሰባቸው ናቸው፦ 1.85 አምስት ጊዜ ሲባዛ 21.67 ገደማ ይሆናል፤ 2 ቢሆን ኖሮ 32 ነበር።

ቶናው ሲቀዳ ልጁ ዘሎ ተነሣ፤ 6 ለ 4 አልቋል፣ 185 ብር ገብቶለታል። ሳይቀመጥ ጣቱን ስልኩ ላይ መልሶ 185ቱን በሙሉ አስያዘ።

«በምን?» አልኩት።

«በሁለተኛው ሴት።»

አክስቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «ደግሞ ሁለተኛ?»