ከአደስ ቅቤ እስከ ዘይት ጠብታ

ቆላ ድባ በሁለት መዓዛዎች መካከል ያለች ከተማ ናት። ከተማዋ ካለችበት፣ ከጣና በስተሰሜን ከተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ጎንደርን አልፎ የስሜን ተራሮችን ሲወጣ ጦስኝ ከእግሩ ሥር ይሸተዋል። ወደ ምዕራብ የወረደ ደግሞ መተማና ቋራ ሲደርስ ዋልያ መቀርን ያገኛል፤ የዕጣን ዛፍ ነው። ጦስኙ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ዕጣኑ በቡናና በቅዳሴ ሰዓት ይጨሳል። ዛሬ ግን የሁለቱም ሽታ በአውራ ጣት ልክ ጠርሙስ ታሽጎ፣ ለቆዳ መንከባከቢያ ተብሎ ይሸጣል።

በጠርሙሱ ያለው መዓዛማ ዘይት ነው፤ ነጋዴዎች «ኢሴንሻል ኦይል» ይሉታል። ዘይት ይባል እንጂ ከኑግ ወይም ከሰሊጥ ዘይት ጋር ዝምድናው ሩቅ ነው። የኑግ ዘይት ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ ቅባቱ አይለቅም። መዓዛማው ዘይት ግን ተኖ ያልቃል፤ ከአፍንጫ የሚደርሰውም በመትነኑ ነው።

አወጣጡ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንም። ቅጠሉ ወይም ሙጫው በእንፋሎት ይሞቃል፣ እንፋሎቱ መዓዛውን ይዞ በቧንቧ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ሲያገኝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። አረቄ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ሲወርድ ዘይቱ ግን ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ተቀድቶም ይለያል። የሎሚና የብርቱካን ዘይት አብዛኛውን ጊዜ በእሳት ሳይሆን ልጣጩን በመጭመቅ ይወጣል።

ከብዙ ተክል ጥቂት ዘይት ብቻ ነው የሚገኘው። ለ1 ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ኪሎ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። ጦስኝና ዕጣን ከጽጌረዳ የተሻለ ይሰጣሉ፤ ቢሆንም አንዲት ጠብታ በሻይ ብርጭቆ ከሚዘፈዘፈው ቅጠል ጋር አትነጻጸርም። ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚህ ክምችት ይመነጫል።

ቀድሞ ይህን ክምችት የሚያለዝብ ነገር በልማዱ ውስጥ ነበር። እናቶች አደስ ቀጥቅጠው በለጋ ቅቤ ለውሰው ጸጉር ሲቀቡ፣ የአደሱ መዓዛማ ዘይት በብዙ ቅቤ ውስጥ ተበትኖ ነው ከራስ ቆዳ የሚደርሰው። ባሕር ዛፍ ቀቅሎ መታጠንም መዓዛውን ከብዙ እንፋሎት ጋር ያቀርበዋል። በጠርሙስ የመጣው ዘይት ቅቤውንም እንፋሎቱንም ትቶ ነው የመጣው። የማቅጠኑ ሥራ ለገዢው ቀርቷል።

ለቆዳ የሚሰጠው ጥቅም በጥናት ከተፈተሸባቸው ዘይቶች ግንባር ቀደሙ ከአውስትራሊያ ዛፍ የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ብጉር ያለባቸው 124 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ያለበት ጄል፣ ሌላው የታወቀውን የብጉር መድኃኒት፣ 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ተጠቀመ። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ፤ ዘይቱ ዘገም ቢልም ማድረቁና ማሳከኩ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ፎረፎር ያለባቸውን 126 ሰዎች ተከታትሏል። 5 በመቶ ዘይት ባለው ሻምፑ ለ4 ሳምንት የታጠቡት ፎረፎራቸው በ41 በመቶ ሲቀንስ፣ ዘይት በሌለው ለታጠቡት የቀነሰው በ11 በመቶ ነበር። በሁለቱም ጥናቶች የተሞከረው ተለክቶ የቀጠነ ዘይት እንጂ ከጠርሙስ በቀጥታ የፈሰሰ አይደለም።

የአገራችን ጦስኝ በኢትዮጵያ ተራሮች የሚበቅል ብርቅዬ ተክል ሲሆን፣ ዘይቱ ቲሞልና ካርቫክሮል በተባሉ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ነው። ሁለቱም ባክቴሪያና ፈንገስ የመግደል ብርቱ አቅም አላቸው። ያው ብርታት ቆዳን ይቆጠቁጣል፣ ያቃጥላል፤ ስለዚህ የጦስኝ ዘይት ፊት ላይ ባይደረግ ይመረጣል። የዋልያ መቀር ዘይት ለስለስ ይላል። በዋናነት ኦክቲል አሲቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። አንዳንድ ማስታወቂያዎች የዕጣን ዘይት በቦስዌሊክ አሲድ የተሞላ እንደሆነ ይናገራሉ። ይህ አሲድ ግን ከባድ በመሆኑ በእንፋሎት ተነስቶ ዘይቱ ውስጥ አይገባም፤ ከሙጫው ጋር ይቀራል።

ሲቀጥን ልኩ እንዲህ ነው። 1 ሚሊ ሊትር መዓዛማ ዘይት ከሞላ ጎደል 20 ጠብታ ይሆናል። ለፊት 1 በመቶና ከዚያ በታች፣ ለሌላው ሰውነት እስከ 2 በመቶ የተለመደ መጠን ነው። ይህም በ30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በሁለት የሾርባ ማንኪያ የኑግ፣ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ላይ ለፊት 6 ጠብታ፣ ለሰውነት 12 ጠብታ ማለት ነው። ውኃ መዓዛማውን ዘይት አያሟሟውም። መታጠቢያ ላይ ቢንጠባጠብ እንዳለ ተንሳፍፎ ገላ ላይ ይለጠፋል።

የተቀላቀለውን ከመቀባት በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ቢቀላ፣ ቢያሳክክ ወይም ሽፍታ ቢያወጣ ያ ዘይት ለዚያ ሰው አይሆንም። በጠይም ቆዳ ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ቁጣው ከዳነ በኋላ የሚተወው ጥቁር ምልክት ወራት ይቆያልና። ማድያቷን ልታጠፋ ያልቀጠነ ዘይት የተቀባች ሴት ሌላ ጥቁረት ልትጨምር ትችላለች።

ፀሐይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላት። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይትና የጤና አዳም ዘይት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እነዚህ ከቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው እንደ እሳት ያቃጥላሉ፣ ውኃ ያስቋጥራሉ። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ላለችው ጎንደርና ከዚያም ላቅ ብላ ለምትገኘው ደባርቅ ይህ ዋዛ አይደለም። የሎሚ ልጣጭ ዘይት የተቀባ ቆዳ በዚያን ቀን ፀሐይ ባያይ ነው የሚሻለው።

ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባይቀባ ይመረጣል። በተለይ የባሕር ዛፍ ዘይት ከሕፃን ፊትና አፍንጫ አጠገብ መድረስ የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ አስምና ችፌ ያለበት ሰው አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። መጠጣት ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ዛፍ ዘይት ሕፃንን ራሱን ሊያስት ይችላል። የጠጣ ልጅ ካለ ለማስታወክ ሳይሞክሩ ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ቆዳን ካቃጠለ በምግብ ዘይት ጠርጎ በሳሙና መታጠብ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብዙ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ዘይቱ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲነካው ይለወጣል። ያረጀ የሎሚ ወይም የቲ ትሪ ዘይት ከአዲሱ ይልቅ አለርጂ ያስነሳል። ስለዚህ ጠርሙሱ ጥቁር ብርጭቆ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ቦታው ቀዝቃዛ ይሁን። መለያው ላይ የተክሉ ሙሉ ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን መጻፍ አለበት።

ዕጣንን በሚመለከት አንድ ነገር አብሮ ይነሳል። ዋልያ መቀር በበጋ ወራት ቅርፊቱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይፋቃል፤ በየፍቂያው ጠብታው ይደርቅና ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት ከተመለከታቸው የዛፉ መገኛዎች ከሦስት አራተኛው በላይ ወጣት ዛፍ እንዳልተተካባቸው አሳይቷል። እሳት፣ ከብትና ፋታ የሌለው ፍቂያ ዛፉን አክስመውታል። በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ሲልም ጥናቱ ተንብዮአል። ችግኝ ከከብት አፍና ከሰደድ እሳት ተጠብቆ፣ የተፋቀው ዛፍም ዓመታት እያረፈ እንዲያገግም ባለሙያዎች ይመክራሉ። በመተማና በቋራ ቆላ ይህን የሚሠሩ እጆች ካሉ፣ ጎንደር ላይ ባለ ስድስት ጠብታዋን ቅባት የምታዘጋጅ ሴትም ሽታውን ከልጆቿ ጋር ትካፈላለች።