የሚታየውና የማይታየው ገበታ፦ የዱር እንስሳትን መመገብ ስለ ማገድ



የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የዱር እንስሳትን መመገብ በሕግ ሊታገድ ይገባልን? የዕገዳው ደጋፊዎች በአብዛኛው ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ የሚቋረጠው ምን እንደ ሆነና ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ ያልመረመረ ሕግ ጉዳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ከማዛወር አያልፍም።

ክርክሩ ጎልቶ ከሚሰማባቸው ስፍራዎች አንዷ የአሜሪካዋ ሚሺጋን ናት። በዚያ አዳኞች በቆሎ፣ ካሮትና መሰል ሥራ ሥሮችን ከምረው አጋዘንን ያማልላሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ አዳኝ በገደለው አጋዘን ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ተገኘ፤ በሽታውም በዱር መንጋው ውስጥ ሥር መስደዱ ታወቀ። ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። በጫካ ተበታትኖ ቅጠል የሚቀነጥብ እንስሳ በክምሩ ዙሪያ አፍ ለአፍ ይገጥማል፤ አንዱ በምራቁ ያራሰውን ሌላው ይበላል። አጋዘንን አመንምኖ የሚገድለው የአንጎል በሽታ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ መንሥኤው የሆነው ፕሪዮን የተባለ ፕሮቲን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። እንዲህ ባለ በሽታ ዘግይቶ የሚመጣ ዕገዳ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ተቃዋሚዎቹም መከራከሪያ አያጡም። ማማለያው አዳኙ እንስሳውን ከቅርብ አነጣጥሮ ሳያሠቃይ እንዲገድል ያስችለዋል፤ አቅመ ደካማው አዳኝም በእርሱ ይረዳል፤ ገበሬውም ምርቱን ይሸጥበታል ይላሉ። ስለዚህም በሚሺጋን ደቡባዊ ልሳነ ምድር ማማለል እ.ኤ.አ. በ2008 ታግዶ፣ በ2011 በአብዛኛው ስፍራ ተፈቅዶ፣ በ2019 ዳግመኛ ታገደ።

ዕገዳው ተገቢ ሲሆንም እንኳ አፈጻጸሙ ብርቱ ጥያቄ ያስነሣል። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ግሪዝሊ ድቦች ለብዙ ዓመታት ከቆሻሻ መጣያ ይመገቡ ነበር። መጣያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ሲዘጉ፣ ድቦቹን ለዓመታት ያጠኑት የክሬግሄድ ወንድማማቾች መዝጋቱ ቀስ በቀስ እንዲሆን መክረው ነበር። ምክራቸው አልተሰማም። የለመዱትን ያጡ ድቦች ወደ ሰው ሰፈር አመሩ፤ ብዙዎቹም ተገደሉ። በ1975 ግሪዝሊ ድብ ለመጥፋት ከሚያሰጉ እንስሳት መዝገብ ገባ።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የዱር እንስሳ መመገብ ሲባል አሳባችን ወደ ሐረር ይሄዳል፤ ከጀጎል ግንብ ውጭ በምሽት ለጅብ ሥጋ የሚያጎርሱትን ሰዎች እናስባለን። የሚሺጋን ሕግ ወደዚያ እንዳለ ቢገለበጥ ግን አመክንዮው አይሠራም። ጅብ በተፈጥሮው በአንድ በድን ዙሪያ በመንጋ የሚበላ እንስሳ ነው፤ መሰብሰቡን ያስተማረው መጋቢው አይደለም። ከዚህም በላይ በከተሞቻችን ዙሪያ ሰፊው ገበታ የሚዘረጋው በመጋቢው እጅ ሳይሆን በቄራ ትርፍራፊ፣ በየሜዳው በሚጣል አጥንትና በድን ነው።

ይህ የማይታይ ገበታ ሲታጠፍ የሚሆነውን ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ በዐቢይ ጾም ወቅት እርድ ሲቀንስ የጅብ ትርፍራፊም ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ የጅብ ፋንድያ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የአህያ ጠጉር የተገኘበት ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው 14.8 በመቶ በጾሙ ጊዜ ወደ 33.1 በመቶ ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ጾሙን ማንም ስለ ጅብ ብሎ አልደነገገውም፤ ለጅቡ ግን ምግብ የማቋረጥ ያህል ሆነ። ዋጋውንም የከፈለው ውኃና እህል የሚያጓጉዝበት አህያ ያለው ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ ዕገዳ የሚረቅቅ ሰው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እመክራለሁ። እንስሳው በተፈጥሮው እንዴት ይመገባል? ትልቁ የምግብ ምንጭ የትኛው ነው? ምንጩ ሲደርቅ እንስሳው ወዴት ይሄዳል? በሚሺጋን መልሱ ክምሩን ፈጥኖ ማንሣት ነው። በእኛ ከተሞች ግን የቄራ ቆሻሻ አወጋገድን በየደረጃው ማሻሻልና፣ በዚያው ልክ ማታ ማታ አህያ የሚያድርበትን በረት ማጠናከር ይቀድማል። በረቱ ሳይጠብቅ መጣያው በአንድ ሌሊት ቢዘጋ፣ የከተማው ጽዳት የተገኘው በድኻው አህያ ይሆናል።