የጤና መከታተያ ስማርት ሰዓት ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በሚል ስያሜ የሚታወቀው የገበያ ስፍራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ ለመግዛት በሚሹ ሸማቾች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ የጤና መከታተያ ስማርት ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ሰዓቱ በትክክል የሚለካውንና የማይለካውን አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዓቶች በአንጻራዊነት የተሻለ አገልግሎት የሚሰጡት እርምጃን በመቁጠርና የልብ ምትን በመከታተል ነው። እርምጃ የሚቆጠረው የእጅን እንቅስቃሴ በሚለይ መሣሪያ ሲሆን፣ የልብ ምት የሚለካው ደግሞ ከሰዓቱ ጀርባ የሚወጣው ብርሃን በቆዳ ሥር ባለው የደም ፍሰት ምክንያት የሚያሳየውን መለዋወጥ በመመዝገብ ነው። ማሰሪያው ከላላ ልኬቱ ይዛባል።

የዓለም የጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። አብዛኛውን የሥራ ሰዓት በወንበር ላይ ለሚያሳልፍ ሠራተኛ ይህን ለመከታተል ርካሽ ሰዓትም በቂ ነው።

የደም ስኳርን በተመለከተ ግን ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 ዓ.ም ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳን ሳይበሱ የደም ስኳርን በራሳቸው ይለካሉ ለሚባሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች አንዳችም ፈቃድ አለመስጠቱን አስታውቋል። የስኳር ሕመምተኛ በተሳሳተ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን ከመጠን በላይ ቢወስድ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስትና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የደም ግፊትም በተመሳሳይ መልኩ ይታያል። በታዋቂ ኩባንያዎች የተሠሩ አንዳንድ ሰዓቶች እንኳ በክንድ ላይ ከሚታሰር የግፊት መለኪያ ጋር በየጊዜው መስተካከል አለባቸው። ስለሆነም የደም ግፊት ያለበት ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ ለክንድ መለኪያ ቢያውለው ይመረጣል።

ገዢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሰዓቱን አስሮና ጥቂት አርፎ፣ የእጁን የደም ሥር ምት በጣቱ ለአንድ ደቂቃ በመቁጠር ሰዓቱ ከሚያሳየው ጋር ማነጻጸር ይችላል። ጥቂት ፈጠን ብሎ ከተራመደ በኋላም ቁጥሩ መጨመሩን ማየት ይገባል። ሰዓቱ ከስልኩ ጋር መገናኘቱን፣ ባትሪው ለስንት ቀን እንደሚቆይና ሻጩ ደረሰኝና ዋስትና የሚሰጥ መሆኑንም ማረጋገጥ ያሻል።

ሰዓቱ ያልተለመደ ቁጥር ደጋግሞ ካሳየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ተገቢ ሲሆን፣ የሕመም ስሜት ያለበት ሰው ግን ሰዓቱ ጤናማ ቁጥር ቢያሳየውም ሕክምናውን ማዘግየት አይኖርበትም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትንም የሰዓቱን ቁጥር ብቻ አይቶ መጨመርም ሆነ ማቋረጥ አይገባም።