ወገብ የሚያጎብጥ ውሃ

አባቶቼና እናቶቼ! ውሃ ከጠራ ጤና ነው ትሉ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም።

ከቱሉ ዲምቱ የአዳማን መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ ስምጥ ሸለቆ ትገባላችሁ። እዚያ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። የልጅን ጥርስ ያበላሻል፤ ለዓመታት ከጠጡት አጥንት ውስጥ ይከማቻል። አንገት አልዞር፣ ወገብ አልቃና ይላል። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረው በወንጂ፣ ይህንን ውሃ ለረጅም ጊዜ የጠጡ ሠራተኞች ጎብጠው ቀርተዋል።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ይብስበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማኅበራችሁ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ውሃው በላቦራቶሪ ይመርመር። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ለመጠጥ ሌላ ምንጭ ፈልጉ፤ ንጹሕ የዝናብ ውሃም አጠራቅሙ። አስቀድሞ ለልጆች!

የጎበጠ ወገብ በመድኃኒት አይቃናም።